ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር በአየር

«በአየር ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ማዘር» አለችኝ ልጅቷ፣ የስልኳን መስታወት ወደ እኔ አዙራ። ወሎ ሰፈር ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለች ጠባብ የትኬት ቢሮ ውስጥ ነን። ስልኩ ላይ ካርታ አለ። ካርታው ላይ ሁለት ቀይ ነጥቦች፣ በነጥቦቹ መካከል ደግሞ ቀጭን መስመር ተሰምሯል። አንደኛው ነጥብ የተወለድኩባት ጥድ ሜዳ ናት፤ ሌላው ታላቅ እህቴ የሺ የተዳረችባት ወይራ አምባ። ከመስመሩ ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ልጅቷ ተረጎመችልኝ፤ የአየር ርቀት ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ አሥር ደቂቃ ገደማ። «ታዲያ ቁረጪልና» አልኳት። «እሱማ የለም» አለች። «ምኑ ነው የሌለው?» «በረራው ማዘር። ዳይሬክት የለም። ዌብሳይቱ እንዲሁ ካልኩሌት አድርጎት ነው።» ብው አልኩ። የሌለ አውሮፕላን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ተቀምጦ የሚያሰላ ሰው እንዴት ያለ ሥራ ፈት ነው? ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ርቀት የማውቀው እኔ ነኝ፤ ለእኔ ነው እንዴ የሚነግሩኝ?

ይህ የሆነው ባለፈው ነሐሴ ነው። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ልጆቼ «እማዬ፣ ተይው አሁንስ፣ ደም ግፊትሽ ይነሳል» ይሉኛል። ይነሳ። ሰባን ያለፍኩ ሴት ነኝ፤ ስንት ነገር በዝምታ ውጬ አሳልፌአለሁ፤ ይህንን ግን አልውጥም።

ነገሩ የጀመረው ትኬት ቢሮ ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን ነው። ታናሽ ወንድሜ አያሌው እስከ ዛሬ የሚኖረው ጥድ ሜዳ ነው፤ ያባታችንን ቤት የያዘው እሱ ነው። ማለዳ ደወለና «ዛሬ ቦሌ እገባለሁ፣ ተቀበይኝ» አለኝ። ምን ሆነህ ነው ስለው መስመሩ ተቋርጧል። የእኔ ቤት ቦሌ ሚካኤል ነው። አውሮፕላኖቹ በጣሪያዬ ላይ ሲያልፉ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንቀጫቀጫሉ፤ ጎማቸውን እስካየው ድረስ ዝቅ ብለው ነው የሚያልፉት። ዱባይ የሚሄደውን ከሰዓቱ አውቀዋለሁ። ጓንዡ የሚሄደውን ከድምፁ እለየዋለሁ። እንዲህ ተጎራብተን እየኖርን ግን ሰው ልቀበል ስሄድ ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ አላልፍም። ያን ዕለት ዝናቡ ይወርዳል፤ ጥላዋ ከተገለበጠባት አንዲት ሴት ጋር ተጠጋግተን ቆመን በር በሩን እናያለን። እኔ ቦሌን የማውቀው ሸኚ ሰገነት ላይ ወጥቶ መሐረብ በሚያውለበልብበት ዘመን ነው። ያኔ የሚሸኘው ሰው የሌለው እንኳ እሑድ እሑድ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣ ነበር። ወንዱ ከረባቱን አስሮ፣ ሴቷ ካስክ ገብታ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ልጆቹ ነጭ ካልሲ አድርገው። ሻይና ኬክ ተበልቶ፣ አውሮፕላን ታይቶ፣ በስሙኒ በውይይት ታክሲ ወደ ቤት ይገባል። መንገዱ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍና የጤፍ ማሳ ነበር። መስኮቱን ከፍታችሁ ብትሄዱ የሚሸታችሁ እርጥብ ቅጠል ነው። ዛሬ ግራና ቀኙ መስታወት ነው፤ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ሌላ መስታወት ነው። አውሮፕላኑ በዝቷል፣ ሰገነቱ ቀርቷል።

አያሌው ወጣ። ጺሙ አድጓል፤ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ አንግቷል። ሁልጊዜ ሲመጣ ማር ወይም ቅቤ ሳይዝ አይመጣም ነበር። ያን ዕለት ባዶ እጁን ነው። አቅፎኝ ቶሎ አልለቀቀኝም። «ምነው?» አልኩት። «እትዬ የሺ ትንሽ አሟታል» አለኝ። እዚያው ዝናብ ውስጥ ጮህኩበት። «ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ከደጅህ ቆመህ የእሷ አገር ይታይህ የለም እንዴ? እሷ ስትታመም ወደ አዲስ አበባ ነው የሚኬደው?» አንገቱን ደፋ። «በየት በኩል ልሂድ እታለም? ወንዙ ሞልቷል። መንገዱ ተዘግቷል። አውሮፕላኑ የሚመጣው ወዳንቺ ነው።»

እውነቱን ነበር። ጥድ ሜዳና ወይራ አምባ ፊት ለፊት የሚተያዩ ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው ትልቅ ገደል አለ፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ። በበጋ ጉልበት ያለው ሰው ማልዶ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ ሲመሽ ማዶ ይወጣል። በክረምት ወንዙ ማንንም አያሳልፍም። በመኪና ልሂድ ያለ ደግሞ ድልድዩ እስካለበት ድረስ ርቆ ወርዶ፣ በማዶው በኩል እንደገና ሽቅብ መመለስ አለበት፤ ሁለት ቀን ነው፤ እሱም መንገዱ ሰላም ሲሆን። ሰሞኑን መንገዱ ጠዋት ተከፈተ ይባላል፣ ከሰዓት ተዘጋ ይባላል። ማን እንደከፈተው፣ ማን እንደዘጋው አትጠይቁኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ግን ሁለቱም ከተሞች አላቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለቱም አስፋልት ለበሱ ሲባል እኔ እንደ ጅል እልል ብያለሁ። ኋላ ነው የገባኝ። ከጥድ ሜዳ የተነሳው አዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ከወይራ አምባ የተነሳውም አዲስ አበባ። ፊት ለፊትህ የሚታይህን ሰው ለመጠየቅ መጀመሪያ ጀርባህን ሰጥተኸው እኔ ጣሪያ ላይ መጥተህ ማለፍ አለብህ።

የሺን ለወይራ አምባ ሰው የዳርናት ደግሞ በአውሮፕላን ምክንያት ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አለ፤ አያስቅም። አባባ እህል ነጋዴ ነበር፣ ልጆቹን አጥብቆ የሚወድ ሰው። ከዚያ በፊት በበቅሎ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ መንደር ሽማግሌ መጥቶ «ልጄ ብትታመም ማን ይደርስላታል?» ብሎ መልሷል። የወይራ አምባዎቹ ሲመጡ ግን መልስ ይዘው ነው የመጡት። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ትልቁ ሽማግሌ ጠጁን አስቀምጦ፣ «ሩቅ ነው ይሉናል አቶ ደምሴ? አውሮፕላን እኮ አለ። ማክሰኞና ዓርብ። ይህንን ብርሌ ሳይጨርሱት ልጅዎ ደጅ ይደርሳሉ። ብትታመም እርስዎ ይደርሱላታል፣ እርስዎን ቢያምዎ እሷ ትደርሳለች። ከዚህ ገበያ ከመውረድ የእኛ ቤት ይቀርባል» አለ። አባባ ትንሽ አሰበ። ከበቅሎው መንደር ወይራ አምባ ቀርባ ታየችው። በእርግጥም በዚያ ዘመን ቀርባ ነበር። እንዲህ ተብሎ ሰው ተሰጠ። መንገድ የሰጡን መስሎን ነበር፤ የሰጡን ግን ማክሰኞና ዓርብን ነው፤ ማክሰኞና ዓርብን ደግሞ የሚነሳን አይታጣም።

ያንን አውሮፕላን ዳኮታ ነበር የምንለው። ማረፊያው የሣር ሜዳ ነው። ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ አንድ ፈረሰኛ እየጋለበ ከብቶቹን ከሜዳው ያስወጣል፤ ዳኮታው አንዴ በላያችን ዞሮ አይቶ፣ ጥጃ እንኳ አለመቅረቱን አረጋግጦ ነው የሚወርደው። የተቃጠለ ነዳጅና የተረገጠ ሣር አብሮ ሲሸት እስከ ዛሬ ልቤ ይመታል። ተሳፋሪ ሁሉ ይመዘናል፤ ሚዛኑም ያባባ የእህል ሚዛን ነበር፤ ማክሰኞና ዓርብ በሸክም ወደ ሜዳው ይሄዳል። ሻንጣው እንዳይከብድበት ሦስት ሱሪ ደራርቦ የመጣ ሰው አስታውሳለሁ፤ ሱሪዎቹም አብረውት ተመዘኑ። የሺ ሙሽራ ሆና ስትሄድ አክስቴ «ሙሽራ እንደ በርበሬ በሰው ፊት አትመዘንም!» ብላ ሜዳውን ቀውጢ አደረገችው። በኋላ ሚዜዎቿ ነጠላ ዘርግተው ጋረዷትና ካባዋን እንደለበሰች ተመዘነች። ስንት እንደመዘነች ለማንም እንዳይነገር ሚዛን ያዡ ማለ። የሺ ከነጠላው ውስጥ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል።

ከሠርጉ በኋላ እኔም ሄጃለሁ። አባባ ለገና ያሰፋልኝን ውሃ ሰማያዊ ቴትሮን ቀሚስ ለብሼ፣ ጎፈሬዬን አበጥሬ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ጭኔ ላይ አስቀምጬ። ትኬቱ የአንድ በግ ዋጋ አይሞላም ነበር። ትኬት ቆራጩ ትንሽ ሬዲዮ ነበረችው፤ እስክንሳፈር የክራር ዘፈን ታሰማለች፤ ከዘፈኑ መሐል ተነስተን ወይራ አምባ ስንወርድ የዚያኛው ትኬት ቆራጭ ሬዲዮ ገና ያንኑ ፕሮግራም ያሰማል። ድፎው አልቀዘቀዘም። የሺ ዳቦውን ተቀብላ ጉንጯ ላይ አስጠጋችውና «ያባባ ቤት ምድጃ እኮ ነው» አለች። እንግዲህ እኔ ያንን ርቀት የማውቀው እንደዚህ ነው። ዌብሳይት አያስፈልገኝም።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ዳኮታው አንድ ማክሰኞ ቀረ። ዓርብም ቀረ። ነዳጅ የለም አሉ፣ ጸጥታ የለም አሉ፣ የሚቀጥለው ወር ይመጣል አሉ። ፈረሰኛው ለብዙ ጊዜ ከብቶቹን ከሜዳው ማባረሩን አላቆመም፤ ኋላ እሱም ተወው። የሺ ልጆቿን ሁሉ አንዳችንም ሳንደርስላት ወለደች። አባባ ማታ ማታ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የወይራ አምባ ቆርቆሮዎች ያብለጨልጫሉ። «ያቻት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተግራ ያለችው የየሺ ናት» ይለኛል። «አባባ፣ ከዚህ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑስ የታለና ነው? ከዚያ ሁሉ ቆርቆሮ የትኛው የእሷ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?» እለዋለሁ። «አውቃለሁ» ይላል። በዚህ ነገር ስንት ምሽት ተከራክረናል። እሱ ሲሞትም ክረምት ነበር። የሺ ቀብሩ ላይ አልደረሰችም። «ቢያምዎ ትደርሳለች» ያለው ሽማግሌ ያኔ በሕይወት ቢኖር ኖሮ፣ ገደሉን በእንፉቅቅ ወርጄም ቢሆን ሄጄ የምለውን እለው ነበር።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ ሆዴ ይዤ ነው ወሎ ሰፈር ትኬት ቢሮ የተቀመጥኩት። አያሌውን እጁን ይዤ የጎተትኩት እኔ ነኝ፤ አብረን እንሄዳለን ብዬ። «እሺ በአዲስ አበባ በኩልም ይሁን፣ የወይራ አምባው መቼ ነው?» አልኳት ልጅቷን። «ቅዳሜ አለ ማዘር።» ቀኑ ረቡዕ ነው። «ቅዳሜ! በሽተኛ እስከ ቅዳሜ ይቆያል ያለሽ ማነው?» «እኔ እኮ ስኬጁሉን አላወጣሁትም፣ ሶሪ» አለች። ልክ ነች፤ እሷ ምን ታድርግ። ግን ያንን ያወጣው ሰው አጠገቤ የለም፣ እሷ ናት ያለችው። የሚገባትንም የማይገባትንም ነገርኳት። የአሥር ደቂቃ መንገድ እያለ አገር አዙራችሁ የምትወስዱን ምን በድለናችሁ ነው አልኳት። ጋራዡ ውስጥ መዶሻ የሚመታው ሰው እንኳ ድምፄን ሰምቶ መምታቱን አቆመ። አያሌው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ «ተይ እታለም፣ ቅዳሜ ይበቃል» አለ። ይሄኔ ወደ እሱ ዞርኩ። «ይበቃል? እህትህ ናት እኮ! አዝላ ያሳደገችህ! አንተ ድሮም ልብህ ድንጋይ ነው!» እኔም የቅዳሜውን ትኬት ለሁለታችን አስቆርጬ ወጣሁ።

በሚኒባስ ስንመለስም አልበረደልኝም፤ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲለኝ ለሱም የድርሻውን ሰጠሁት። ሰፈር ስንደርስ ጎረቤቴ ዘይነባ ከሱቋ ወጣች። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ እኔና እሷ የአንድ እድር ሰዎች ነን፣ ዕቃ ሳንቆጥር ነው የምንዋዋሰው። እጄን ያዘችና ቶሎ አልለቀቀችም። «እህትሽን እግዜር ይማርልሽ» ብትለኝ ጥሩ ነበር፤ «አይዞሽ» ብቻ አለችኝ። ከዚያ እሷና አያሌው በር ላይ ቆመው በዝግታ ሲያወሩ አየሁ። ሻማ ወይም ባትሪ ሊገዛ ነው ብዬ አለፍኩት። እኔ የራሴ ሥራ ነበረብኝ። ቦርሳ አወጣሁና የየሺን ነገር ማዘጋጀት ጀመርኩ። ለበዓል ብዬ የገዛሁላትን ሹራብ፣ ሁለት ሻሽ፣ የጉልበት ቅባት፣ ጥርስ ስለሌላት ለስላሳ ብስኩት። ቦርሳውን ዘግቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። አያሌው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሹራቡን ሳጥፍ ያየኛል። «ይሰፋት ይሆን?» ስለው ተነስቶ ወደ ግቢ ወጣ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። እኛ ዘንድ የሥጋ ዘመድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ቤትህ ድረስ መጥቶ ነው። በዚያ ሰዓት የሚንኳኳ በር ምን እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ከፈትኩት። ግቢው ሞልቷል። የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ ዘይነባ ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ልጆቼ ሳይቀሩ ከሳሊተ ምሕረት መጥተው ከኋላ ቆመዋል። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። መጀመሪያ ያደረግሁት ማልቀስ አይደለም፤ አያሌውን ደረቱን መታሁት። «ሙታ ነው ትኬት ያስቆረጥከኝ? ሙታ ነው ሹራብ ሳጥፍ ያየኸኝ?» እያልኩ መታሁት። ደረቱን ሰጥቶኝ ቆመ። ዘይነባ ቦርሳውን ከበሩ አንስታ፣ ሰው እንዳይረግጠው ወደ ጓዳ ወሰደችው። ያንን ሳይ ነው የጮህኩት።

በኋላ ሲበርድልኝ አያሌው ነገረኝ። የሞተችው ሰኞ ጠዋት ነው። ልጇ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ለአያሌው ደወለ። የዚያኑ ቀን ቀበሯት። «ወደ እሷ ብነሳ በሁለት ቀንም በሦስት ቀንም አልደርስም ነበር» አለ አያሌው። «ወዳንቺ ግን በማግስቱ አውሮፕላን ነበር። ቀብሯ ላይ ካልደረስኩ፣ መርዶሽን እንኳ ከባዳ እንዳትሰሚ ብዬ ነው የመጣሁት። ትኬት ቢሮ የጎተትሽኝ አንቺ ነሽ። እዚያ ሰው ፊት፣ ከመዶሻ ድምፅ ጋር ልንገርሽ?»

እኔ ግን ተናድጄ ቀረሁ። በወንዙ አልናደድም፤ ወንዝ ወንዝ ነው። የምናደደው ከዳኮታው ወዲህ በመጣው ነገር ሁሉ ነው። አስፋልቱ ተነጠፈ፣ ፎቁ ተሠራ፣ በስልክ ላይ ካርታው ተሳለ። አሥር ደቂቃውን ደግሞ ጽፈው አስቀመጡልን፣ ምን እንዳጣን ቁጥሩን እንድናውቀው። ድሮ የሣር ሜዳና ፈረሰኛ ያደረገልንን ዛሬ ይህ ሁሉ ግርግር አላደረገልንም። የቅዳሜው አውሮፕላን ተነሳ፤ ሁለት ወንበር ባዶውን ይዞ ሄደ፤ በእኔ ጣሪያ ላይ ሳይሆን አይቀርም ያለፈው።

ከሰልስቱ በኋላ ሰው ሲበተን እኔና አያሌው በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እስከዚያ ሳላስበው የቆየሁት ነገር ድንገት ትዝ አለኝ፤ እሱን አርድቶ ያስለቀሰ ሰው የለም።

«አንተስ የት አለቀስክ?» አልኩት።

«አፋፉ ላይ። ያባባ ድንጋይ ጋ። አሁን ይሆናል የሚቀብሯት ስል የጥድ ሜዳ ሰው ሁሉ ወጥቶ ከእኔ ጋር ቆመ። ወደ ማዶ ዞረን አለቀስን። ቀኑን ሙሉ ደመና ነበር። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ትንሽ ከፈት አለና ቆርቆሮዎቹ አብለጨለጩ። የእሷም አብለጨለጨ።»

አንድ አውሮፕላን በላያችን መጣ። ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። እስኪያልፍ ጠበቅነው።

«የእሷ የትኛው ነው?» አልኩት።

«ያቻት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተግራ ያለችው» አለና እጁን ወደ አጥሩ ዘረጋ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የጎረቤቴ ፎቅ ነው።

አባባን በዚህ ነገር ስንት ምሽት ተከራክሬዋለሁ። አያሌውን አልተከራከርኩትም።